ማንቆርቆሪያዬን ነጭ ድንጋይ የሚያለብሰው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ቤተሰቤን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲስ አበባ ለዓመታት ስንጠቀምበት የነበረው የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ እዚህ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነጭ ቅርፊት ለበሰ። የሻወሩ ቀዳዳዎች ተደፈኑ። የቦይለሩ ማሞቂያ ተቃጥሎ አስቀየርን፤ አሁን አዲሱም መንጣጣት ጀምሯል። ውሃውን በሸክላ ማጣሪያ አሳልፌ ባፈላውም ያው ነው። ጎረቤቴ ‹ክሎሪን ስለሚበዛበት ነው› ትላለች። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ውሃ ማፍላት ያጸዳል ይባላል። ታዲያ ጥርት ብሎ የገባው ውሃ ሲፈላ ለምን ነጭ ነገር ያወጣል? የልጆቼ ኩላሊት ውስጥስ እንደዚሁ አይጋገርም ወይ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ቅርፊቱ የሚወጣው ውሃው ሲሞቅ መሆኑን ማስተዋልዎ ትልቅ ነገር ነው። መልሱ ያለው እዚያው ነው።

ነጩ ነገር ቆሻሻ አይደለም። ክሎሪንም አይደለም። የኖራ ድንጋይ ነው፤ በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። ውሃው በድሬዳዋ ዙሪያ ካለው ዓለት አሟሙቶ ያመጣው ነው። ሟሙቶ ሳለ አይታይም። ሟሙቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ሲወጣ የሟሟው ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ውሃ ሲፈላ ደግሞ ጋዙ ይወጣል። ከዚህ በታች የምነግርዎት ሁሉ፣ የአቼቶውም የቦይለሩም የማጣሪያውም ጉዳይ፣ ከዚህ አንድ ነገር የሚመዘዝ ነው።

ከድንጋዩ ልጀምር። ምሥራቅ ኢትዮጵያ በዳይኖሰሮች ዘመን በባሕር ተሸፍና ነበር። በዚያ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመው የዛጎልና የጭቃ ደለል ነው ዛሬ በድሬዳዋና በሐረርጌ የምናየው የኖራ ድንጋይ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ይህ ድንጋይ በደጅ ስላለ ነው። ከከተማው አጠገብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻም የተቦረቦረው በዚሁ ዓለት ውስጥ ነው። ዋሻውን የቦረቦረው ውሃ ነው። ያ ሁሉ ድንጋይ ሟሙቶ ሄዷል።

ንጹሕ ውሃ ብቻውን ይህን ማድረግ አይችልም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሌለበት አንድ ሊትር ውሃ የሚያሟሟው የኖራ ድንጋይ 14 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ዝናቡ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ግን ነገሩ ይለወጣል። አፈር ውስጥ ሥሮች ይተነፍሳሉ። ረቂቅ ተሕዋስያን ቅጠሉንና ሥሩን ያበሰብሳሉ። ከዚህ ሁሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። እኛ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ጋዙ 0.04 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በአፈር ቀዳዳዎች ውስጥ ግን ከ10 እስከ 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ጋዙ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ደካማ አሲድ ይፈጥራል። ይህ አሲድ የኖራ ድንጋዩን ነክሶ ወደ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ሟሙተው ይጓዛሉ። በዚህ መንገድ አንድ ሊትር ውሃ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ድንጋይ ይዞ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል።

ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ከወንዝ የሚጠለፍ ውሃ የለም። በደንገጎ በኩል ባለው ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ በዓለቱ ስንጥቅ ሰርጎ ወደ ዝቅታው ይወርዳል። ሳቢያን አካባቢ ካሉ ጉድጓዶች የሚሳበውም ይኸው ውሃ ነው። በጉዞው ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ ሲነካካ ይቆያል፤ ስለዚህ ጠግቦ ይወጣል። አዲስ አበባ ግን ብዙ ሰፈሮች የሚደርሳቸው ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የዝናብና የጅረት ውሃ ነው። አካባቢው እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥቁር ድንጋይ እንጂ የኖራ ድንጋይ አይደለም። ማንቆርቆሪያዎ ለዓመታት ንጹሕ ሆኖ የቆየው ለዚህ ነው። አዲስ አበባም ውስጥ ቢሆን የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ትንሽ ቅርፊት ያያሉ፤ ያው ከመሬት ውስጥ የወጣ ውሃ ስለሆነ።

እንዲህ ዓይነቱን ውሃ ጠንካራ ውሃ እንለዋለን። ጥንካሬው የሚለካው በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ ስንት ሚሊግራም እንደሚሆን ነው። ከ60 በታች የሆነው ለስላሳ ይባላል። ከ120 ካለፈ ጠንካራ፣ ከ180 ካለፈ በጣም ጠንካራ ነው። በአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ ጣሪያው 300 ነው። ጠንካራ ማለት ጨዋማ ማለት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውሃው ሶዲየምና ፍሎራይድ የበዛበት ሆኖ ካልሲየሙ ግን ትንሽ ነው። እዚያ ያለ ሰው ማንቆርቆሪያው ብዙም ላያስቸግረው ይችላል፤ ውሃው ግን ጥርስና አጥንት ይጎዳል። የእርስዎ ተቃራኒው ነው።

እስቲ 300 የሆነ ውሃ አለን እንበል። ጥንካሬውም በሙሉ ከካልሲየም ባይካርቦኔት የመጣ ነው ብለን እናስብ። በቀን 6 ሊትር ካፈሉ ውሃው ውስጥ ያለው 1.8 ግራም ድንጋይ ነው። በወር 54 ግራም ይሆናል። ሁሉም አይረግፍም፤ ለአጭር ጊዜ የፈላ ውሃ ከፊሉን ብቻ ነው የሚጥለው። ግማሹ እንኳ ቢረግፍ ግን በወር 27 ግራም ይሆናል። «በጥቂት ሳምንት» ያሉት አልተጋነነም።

አሁን ወደ ማፍላቱ እንምጣ። ውሃ ሲሞቅ ሁለት ነገሮች አብረው ይከሰታሉ።

አንደኛው የጋዙ መውጣት ነው። ጋዝ ሞቃት ውሃ ውስጥ መቆየት አይችልም። አምቦ ውሃ ከፍቶ ፀሐይ ላይ የተወ ሰው ያውቀዋል፤ ጋዙ ይጠፋል። በማንቆርቆሪያዎም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ባይካርቦኔቱ ያን ጊዜ ይፈርሳል። ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ ከፊሉ ካርቦኔት ሆኖ ይቀራል። ካርቦኔቱ አጠገቡ ያለውን ካልሲየም ሲያገኝ ድንጋይ ይሆናል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ስኳርና የገበታ ጨው በሙቅ ውሃ ይበልጥ ይሟማሉ፤ እኛም ሁሉም ነገር እንደዚያ ይመስለናል። የኖራ ድንጋይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር የመሟሟት ችሎታው ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀቱ በሁለቱም በኩል ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል።

ታዲያ ለምን ማሞቂያው ላይ ይለጠፋል? ለምን ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ አይቀርም? ይህን በደንብ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እቃውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ውሃው በሙሉ 60 ዲግሪ ሲሆን የማሞቂያው ገጽ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ብረቱን የሚነካው ስስ የውሃ ሽፋን ከሁሉም ቀድሞ ይሞቃል፤ ጋዙንም ቀድሞ ያጣል። ድንጋዩን መያዝ መጀመሪያ የሚያቅተው እሱ ነው። በዚያ ላይ አረፋ የሚፈጠረውም እዚያው ነው። ከአረፋው ሥር ውሃው ተንኖ ስለሚያልቅ በውስጡ የነበረው ሁሉ በአረፋው ጠርዝ ዙሪያ ይቀራል። አዲስ ማንቆርቆሪያ መጀመሪያ ላይ ትናንሽ ነጭ ነጥቦችና ቀለበቶች የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ክሪስታል ደግሞ ከባዶ መነሳት ይከብደዋል። የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ጭረት፣ የብየዳ መስመር፣ ሻካራ ቦታ ለእሱ ምቹ ነው። አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን ቀላል ይሆንለታል፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይገነባል። ጥሩው መነሻ ራሱ ቅርፊቱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቅርፊት ያለበት ማንቆርቆሪያ ከንጹሑ ይልቅ ቶሎ ይወፍራል። እባክዎ በማጠቢያ ሽቦ አይፈትጉት፤ በቢላም አይፋቁት። ሽቦው የሚተወው ጭረት ለሚቀጥለው ቅርፊት መቀመጫ ነው።

ከውሃው መሐል የረገፈው ሌላው ክፍል አይለጠፍም። ጭጋግ መስሎ ይታይና ወደ ታች ይዘቅጣል። ሻይ ሲቀዱ ኩባያው ውስጥ የሚያዩት ነጭ ብናኝ እሱ ነው። ቢጠጡት አይጎዳም።

ሻወሩስ? እዚያ ዋናው ምክንያት መድረቅ ነው። ታጥበው ሲወጡ በየቀዳዳው ላይ ጠብታ ይቀራል። ጠብታው ይደርቃል፤ ድንጋዩ ይቀራል። በማግስቱ ሌላ ጠብታ ይመጣል። በድሬዳዋ ሙቀት ጠብታ ለመድረቅ ደቂቃዎች ይበቁታል። በመስታወትና በብርጭቆ ላይ የሚቀረው ክብ ምልክትም ያው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የሚሄድበት ቧንቧ ውስጥም ድንጋይ ሊጋገር ይችላል፤ እሳት የግድ አይደለም። ጋዙ ከወጣ ይበቃል። ሮማውያን በ80 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ በዛሬዋ ጀርመን ከአይፍል ተራሮች ወደ ኮሎኝ ከተማ የሠሩት የውሃ መስመር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ብቻ ነበር የሚፈስበት። ውስጡ የተጋገረው ድንጋይ ግን በአንዳንድ ቦታ እስከ 30 ሴንቲሜትር ወፍሮ፣ በመካከለኛው ዘመን ሰዎች እየቆረጡ ለቤተ ክርስቲያን ዓምድና ንጣፍ ተጠቅመውበታል።

ስለ ጎረቤትዎ አስተያየት አንድ ነገር ልበል። ክሎሪን ውሃው ውስጥ የሚጨመረው በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ቢሆን ነው። ሲፈላም ይተናል። በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ነጭ ድንጋይ ከእሱ ሊመጣ አይችልም። ክሎሪኑ የልጆችዎን ሆድ ከበሽታ የሚጠብቅ ስለሆነ ጠላት አያድርጉት።

ማጣሪያዎም አልተበላሸም። የሸክላ ማጣሪያ የሚይዘው ተንሳፋፊ ነገርንና ተሕዋስያንን ነው። የሟሟ ካልሲየም ከማንኛውም የሸክላ ቀዳዳ በጣም ያነሰ ስለሆነ ዝም ብሎ ያልፋል። ለጀርም ብለው ገዝተውት ከሆነ ይቀጥሉበት፤ ለቅርፊቱ ግን አይጠብቁት።

«ማፍላት ያጸዳል ከተባለ» ላሉት መልሱ ይህ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል። በመደበኛው የሟሟ ማዕድን አያወጣም። ይህን አንዱን ግን ያወጣል። ነጩ ነገር ማንቆርቆሪያው ላይ ሲቀር የሚጠጡት ውሃ ከገባው ይልቅ ለስላሳ ሆኗል ማለት ነው። ቆሸሸ የሚሉት ውሃ በዚህ በኩል ቀሎታል።

አሁን ወደ ማስለቀቁ። የኖራ ድንጋይን የሚያሟሟው አሲድ ነው። ተራራው ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሠራውን ሥራ እቤት አቼቶ ይሠራዋል፤ ያውም በብዙ እጥፍ ፈጥኖ። ሲፈላበት የሚያዩት አረፋ ከድንጋዩ የሚወጣው ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

መጠኑን እናስላ። በሱቅ የሚሸጠው አቼቶ 5 በመቶ አሲድ ከሆነ፣ ግማሽ ሊትሩ 25 ግራም አሲድ አለው። ይህ 20 ግራም ገደማ ቅርፊት ያሟማል። ስለዚህ ማንቆርቆሪያው በጣም ከወፈረ አንድ ዙር ላይበቃ ይችላል፤ አረፋው ካቆመና ቅርፊቱ ካለ አሲዱ አልቋል ማለት ስለሆነ ደፍተው አዲስ ይጨምሩ። አቼቶውን በእኩል ውሃ ቀላቅለው ቅርፊቱ እስኪሸፈን ይሙሉ። ለብ አድርገው ያጥፉትና አንድ ሁለት ሰዓት ይተዉት። አያፍሉት፤ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፣ ጥቅምም አይጨምርም። ከዚያ ያለቅልቁት፣ አንድ ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልተው ይድፉ።

የሎሚ አሲድ ዱቄት፣ ሲትሪክ አሲድ የሚባለው፣ ካገኙ ሽታ የለውም፤ ይሻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ገደማ ያስለቅቃል። እሱን ግን ወፈር አድርገው በጥብጠው አያፍሉት። ሲትሪክ አሲድ ከካልሲየም ጋር የሚሠራው ጨው ሙቅ ውሃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟማ ሌላ ነጭ ነገር ሊያመጣብዎት ይችላል። ሎሚ ጨምቆ መጠቀምም ይሠራል፤ ብዙ ሎሚ ይፈጃል እንጂ።

ሦስት ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። አቼቶም ሆነ ማንኛውንም አሲድ ከበረኪና ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። ለሽንት ቤት ተብሎ የሚሸጠውን ኃይለኛ አሲድ ማንቆርቆሪያና ቦይለር ውስጥ አይጨምሩ፤ ድንጋዩን ጨርሶ ብረቱን ይበላል። አቼቶን በአልሙኒየም ድስት ውስጥ አያቆዩ፤ እምነ በረድ ላይም አያፍስሱ። እምነ በረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

የሻወሩን አናት ፈትተው አቼቶ ውስጥ ይዘፍዝፉት። የማይፈታ ከሆነ ፌስታል ውስጥ አቼቶ ጨምረው ሻወሩ ላይ በክር ይሰሩት። በየቀኑ ውሃ ከተጠቀሙ በኋላ ቧንቧውንና መስታወቱን በጨርቅ ማድረቅ ደግሞ ከየትኛውም መድኃኒት ይበልጣል። ጠብታው ሳይደርቅ ከተጠረገ ድንጋይ የሚሆን ነገር አይኖርም።

ማንቆርቆሪያው ውስጥ ውሃ አያሳድሩ። የተረፈው ላይ አዲስ እየጨመሩ ደጋግሞ ማፍላት የተነነውን ውሃ ድንጋይ እዚያው ማጠራቀም ነው። የሚፈልጉትን ያህል ብቻ ያፍሉ፣ ቀሪውን ይድፉ። በየሁለት ሳምንቱ ስስ ሆኖ ሳለ በትንሽ አቼቶ ቢያስለቅቁት በየስድስት ወሩ ከድንጋይ ጋር አይታገሉም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ቦይለሩ ነው።

ቅርፊት የመብራት ወጪ ያበዛል ሲባል ይሰማል። ለኤሌክትሪክ ቦይለር ይህ የተጋነነ ነው። ማሞቂያው ውሃው ውስጥ የተነከረ ስለሆነ ሙቀቱ የትም አይሄድም፤ ቢዘገይም ውሃው ውስጥ ይገባል። በነዳጅ ወይም በእንጨት በሚሠራ የሆቴልና የፋብሪካ ቦይለር ግን ኪሳራው እውነት ነው፤ ውሃው ያልተቀበለው ሙቀት በጭስ ማውጫው ይወጣል። በእርስዎ ቤት የሚጎዳው ራሱ ማሞቂያው ነው። ቅርፊቱ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ከመቶ ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ሽቦው ሙቀቱን ማስረከብ ሲያቅተው ራሱ ይግላል፤ በመጨረሻ ሽፋኑ ይሰነጠቅና ይቃጠላል። መንጣጣቱ የሚሰማውም ከቅርፊቱ ሥር የገባ ውሃ ድንገት ተንኖ ሲፈነዳ ነው። ስለዚህ አዲሱ ማሞቂያ ድምፅ ካሰማ ቅርፊት ይዟል ማለት ነው፤ አይጠብቁት።

መጀመሪያ ሙቀቱን ይቀንሱ። የብዙ ቦይለር መቆጣጠሪያ 75 ወይም 80 ላይ ይተዋል። ወደ 60 ያውርዱት። ቅርፊቱ በግልጽ ይቀንሳል። ከ60 በታች ግን አላወርድም፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚራባ ሊጂኔላ የሚባል ባክቴሪያ አለና። ቀኑን ሙሉ እንደበራ አይተዉት። በድሬዳዋ አብዛኛውን ወር ያለ ሙቅ ውሃ መታጠብ ይቻላል፤ ቦይለሩ በጠፋበት ወር ድንጋይ አይጋገርም።

ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ ያስከፍቱት። ኤሌክትሪኩ ከብሬከሩ ጠፍቶ፣ ውሃው ተራግፎ፣ ማሞቂያው ወጥቶ አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋል። በታንኩ ሥር የተከማቸው ድንጋይ ይወገዳል። የማግኒዥየም ዘንጉም ይታያል። ታንኩን ከዝገት የሚያድነው እሱ ነው፤ ካለቀ ይቀየራል። ይህን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይሥራው፤ ራስዎ አይሞክሩት።

ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ሴፍቲ ቫልቭ የምትባል ትንሽ ነገር አለች። ሥራዋ ሁለት ነው። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ግፊቱ ሲበዛ ታስተነፍሳለች። የከተማው ውሃ ሲቋረጥ ደግሞ ታንኩ ወደ ኋላ እንዳይፈስ ትይዛለች። ቅርፊት ሁለቱንም ሊያስቀርባት ይችላል። ተዘግታ ከተጋገረች ግፊቱ መውጫ ያጣል፤ ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ተከፍታ ከተጋገረች ውሃ በተቋረጠበት ቀን ታንኩ ይጎድላል፣ ማሞቂያው በባዶው ይነዳል። የመጀመሪያው ማሞቂያዎ የተቃጠለው በውሃ መቋረጥ ሰሞን ከነበረ ይህን ቫልቭ ያስፈትሹ። ማንሻ ካላት በየወሩ አንድ ጊዜ ከፍ ያድርጓት፤ ውሃ ካልወጣባት ትቀየር። ዋጋዋ ከቦይለሩ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም።

ቅርፊት ሁሉ አንድ አይነት አይደለም። መቀሌ ያለ ዘመድ ካለዎት የኔ ምክር ለእሱ በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው። እዚያ ከኖራ ድንጋዩ ሌላ ጂፕሰም ያለበት ዓለት አለ። ከጂፕሰም የሟሟው ካልሲየም ሰልፌት በማፍላት ጋዝ አጥቶ አይረግፍም። የሚጋገረው ውሃው ተንኖ ሲጠነክር ወይም በጣም የጋለ ብረት ሲነካ ነው። አቼቶም አያሟማውም። ለማወቅ ቀላል ነው። ከቅርፊቱ ትንሽ ሰብረው አቼቶ ያንጠባጥቡበት። ከፈላ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝም ካለ ሌላ ነው። የእርስዎ ይፈላል ብዬ እጠብቃለሁ።

ወጥ ቤት ውስጥም የዚህን ውሃ ጠባይ ሳያዩ አልቀሩም። ካልሲየም የባቄላና የሽምብራን ቆዳ ስለሚያጠነክር ንፍሮ ሳይበስል ይቆያል። ሳሙና አረፋ ከማውጣቱ በፊት ነጭ አተላ ይሆናል፤ የዱቄት ሳሙና ይሻላል። ጥቁር ሻይ ላይ ስስ ቅባት የመሰለ ሽፋን ይንሳፈፋል፤ ትንሽ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉ ይጠፋል። ለንፍሮና ለሻይ ውሃውን በድስት አስቀድመው አፍልተው ያሳድሩት፣ ጠዋት ከላይ ጥርት ያለውን ቀስ ብለው ይቅዱ። ለእንፋሎት ካውያም ይህንኑ ይጠቀሙ። ማገዶው ወይም መብራቱ ስለሚያስወጣ ለሁሉም ነገር አይሆንም። የዝናብ ውሃ በንጹሕ ጣሪያ ካጠራቀሙ ለልብስ እጥበት ከማንኛውም ይበልጣል፤ ድንጋይ ነክቶ አያውቅም።

የልጆችዎን ኩላሊት በተመለከተ ይረጋጉ። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፤ ከማንቆርቆሪያው ድንጋይ የተለየ ነገር ነው፣ የሚፈጠርበትም መንገድ የተለየ ነው። ከምግብ ጋር የሚገባ ካልሲየም እንዲያውም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌቱን ይዞ ያስወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ጣሪያ የለም። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ናቸው። በድሬዳዋ ሙቀት ጠጠር የሚያመጣው ትልቁ ነገር ትንሽ ውሃ መጠጣት ነው። ልጆቹ «ውሃው ጠጠር ያመጣል» ተብለው መጠጣት ከቀነሱ ያን ጊዜ ነው የምሰጋው። ሽንታቸው የነጣ እስኪሆን ይጠጡ። ከዚህ በፊት ጠጠር የወጣለት ሰው በቤቱ ካለ ግን ሐኪሙን ያማክር።

ማለስለሻ መሣሪያ ልግዛ ወይ ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ። ውሃውን በሙጫ መሳይ ፍሬዎች ውስጥ አሳልፎ ካልሲየሙን በሶዲየም የሚለውጠው መሣሪያ በእርግጥ ይሠራል። ፍሬዎቹ በየጊዜው በጨው ውሃ ይታደሳሉ። ነገር ግን ጥንካሬው 300 የሆነ ውሃ በዚህ ሲለሰልስ በሊትር 138 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይጨመርበታል። ደም ብዛት ላለበት ሰውና ለሕፃን ወተት መበጥበጫ አይሆንም። ለቦይለሩና ለእጥበት አድርገው የመጠጡን ቧንቧ ቢለዩት ጥሩ ነው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ካልሲየሙንም ያወጣል፤ ብዙ ውሃ ግን ይደፋል። ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ከተማ ይህን አልመክርም። ቧንቧ ላይ የሚታሰሩ ማግኔቶችንም አይግዙ። የተደረጉት ምርምሮች እርስ በርስ አይስማሙም፤ እርስዎ በገንዘብዎ የሚሞክሩበት ምክንያት የለም።

ከመግዛትዎ በፊት የከተማውን የውሃ መሥሪያ ቤት ሦስት ቁጥር ይጠይቁ፦ ጠቅላላ ጥንካሬ፣ አልካሊኒቲ (በዋናነት የባይካርቦኔቱን መጠን የሚያሳየው ቁጥር) እና ሰልፌት። አልካሊኒቲው ከጥንካሬው ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ችግሩ በሙሉ ማለት ይቻላል በማፍላት የሚረግፈው ዓይነት ነው፤ አቼቶና የ60 ዲግሪ ቦይለር ይበቁዎታል። ሰልፌቱ ከፍ ካለ ወይም አልካሊኒቲው ከጥንካሬው በጣም ካነሰ ቁጥሮቹን ይላኩልኝ፣ እንደገና አብረን እናየዋለን።